በዘይነብ ስም የተቃጠለ እጅ

ካርቱም ውስጥ ያሳቅሁትን ሰው ሁሉ ባሰልፈው፣ ሰልፉ ከሰፈራችን ከዴም ተነስቶ ድልድዩን ተሻግሮ ኦምዱርማን ገበያ ሲገባ ጭራው ገና ዴም ላይ ተራ ይጠብቃል። ይህን የምላችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራም ነው። ግን ዛሬ የማወራችሁ ሳቄ ራሱ ጥሎኝ ስለጠፋበት ሳምንት ስለሆነ፣ አስቀድማችሁ ማን እንደነበርኩ ብታውቁልኝ ብዬ ነው።

ሥራዬ ጣሪያ ላይ ነበር። የካርቱም ሰው በሙቀት ወራት የሚተነፍስበትን የውሃ ማቀዝቀዣ፣ እዚያ ሙከየፍ የምንለውን፣ ገለባውን እቀይራለሁ፤ ሞተሩን እጠግናለሁ። ያን ሙቀት ላልቀመሰ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ መሰላል ስወጣ ጥላዬ አብሮኝ አይወጣም ነበር፤ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሎ "ስትወርድ እንገናኛለን" ይለኛል። ደቡብ ሱዳን በተለየች ማግስት ባሉት ዓመታት ዳቦውም ነዳጁም እየተወደደ ሲሄድ፣ ዴም ውስጥ ዋጋው ያልጨመረ ነገር የእኔ ቀልድ ብቻ ነበር።

ታናሽ እህቴ ሙሉ እዚያው ዴም በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ ትሠራለች። ክፍል የምትጋራው ዘይነብ ከምትባል የወሎ ልጅ ጋር ነበር። ዘይነብ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ትልቅ ቪላ የቤት ሠራተኛ ናት። ሥራውን ያገኘሁላት እኔ ነኝ፤ የቪላው ሙከየፍ የእኔ ደንበኛ ስለነበር። የቤቱን ጌታ ሐጂ እንለዋለን። ዝግ ብሎ የሚናገር፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ የሚሰጥ፣ ሻይ ሳያጠጣ የማይሸኝ ሰው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ አጭር ይሆን ነበር።

ስለ ዘይነብ አንድ ነገር ልጨምር። ሶላቷን አታጓድልም፤ እጅጌዋም ከእጇ አንጓ ከፍ ብሎ አያውቅም። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልብስ ስታጥብ፣ ጥላ ተቃጥሎ አመድ በሚሆንበት ፀሐይ ስትሄድ፣ ያው እጅጌ ያው አንጓ ላይ ነው። "አላህ ለዘይነብ ክርን መስጠት ረስቷል፤ ክንዷ እንደ ቧንቧ ቀጥ ያለ ነው" እያልኩ በሄድኩበት አወራባት ነበር። እሷም አትተኛልኝም።

"ጋሽ አበራ፣ የኔ ክርን ያንተ ምላስ ላይ ገብቶ ነው። ለዚህ ነው እንዲህ የሚታጠፈው" ትለኛለች።

ሁለቱ ልጆች አንድ ዘዴ ነበራቸው። አዲስ ነገር አይደለም፤ ካርቱም የነበረ ሐበሻ ያውቀዋል። ለገናና ለፋሲካ ዘይነብ ምግብ ቤቱ ገብታ የሙሉን ሥራ ትሸፍናለች፤ ለአረፋና ለዒድ ደግሞ ሙሉ ካፉሪ ሄዳ የዘይነብን ትሸፍናለች። እያንዳንዳቸው በዓላቸውን በዓል አድርገው ይውላሉ። የቪላው እመቤት ፊት ቢቀየርባትም ግድ አልነበራትም። ሙሉ መጀመሪያ ቀን ስሟን ልትነግራት ስትል፣ ሴትዮዋ በእጇ አየሩን ጠረግ አድርጋ "ሁላችሁም ዘይነብ ናችሁ" ብላታለች። ከዚያ በኋላ ሙሉ በሩን ስትገባ የዘይነብን ረጅም የቤት ቀሚስ ትለብሳለች፤ "ያ ዘይነብ" ስትባል አቤት ትላለች።

ስሙ ጥቅምም ነበረው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ ያላት ዘይነብ ናት፤ ሐጂ ዋስ ሆኖ ነው ያወጣላት። የሙሉ ፈቃድ ካለፈበት ቆይቷል። መንገድ ላይ ፖሊስ ቢያስቆማት ዘይነብ ነኝ፣ የሐጂ ሠራተኛ ነኝ ትላለች፤ ታልፋለች። አንድ ስም ለሁለት ሰው እንደ አንድ ጃንጥላ ነው። ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱንም ያስጠልላል።

ዝናቡ የመጣው በአረፋ ማግስት ነው።

ዒድ ነው ብሎ ሙቀት ፈቃድ አይወጣም። ኦምዱርማን ውስጥ የአንድ ሰው ሙከየፍ ቆሞበት ጣሪያ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ፤ ሐጂ ነው። ዘይነብን ኩሽና ውስጥ ትንሽ እሳት ነካት፣ ሆስፒታል አድርሰናታል፣ ቋንቋውን ታውቃለህና ድረስ አለኝ። ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው እያለ ደጋገመው። በእውነት ትንሽ የሆነ ነገር አንድ ጊዜ ሲነገር ይበቃዋል።

መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። አረፋው ትናንት ስላለፈ ዘይነብ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፣ ሙሉም ቤቷ ናት ብዬ ለሙሉ ደወልኩላት፤ ስልኳ ዝግ ነው። ዘይነብን ከእህት አታሳንሳትም፣ ድንገት ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ቀስ ብዬ ነግሬያት አብረን እንሂድ ብዬ ወደ ዴም ሄድኩ። ረክሻው፣ የእኛ አገር ባጃጅ፣ ውስጥ ቁጭ ብዬ ንግግሬን ሳዘጋጅ ነበር። ሙልዬ አትደንግጪ፣ ዘይነብ ደህና ናት፣ ትንሽ ብቻ... "ትንሽ" የምትለዋ ቃል ከሐጂ ተጋብታብኝ ነበር።

በሩን አንኳኳሁ። የከፈተችልኝ ዘይነብ ናት።

አዲስ ቀሚስ ለብሳለች። መዳፏ ላይ ሂናው ገና ጥቁረቱ አልለቀቀም። ዒድ ሙባረክ ብላ፣ የአረፋ ሥጋ አለ ግባ አለችኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። መላ ሰውነቴን ደስ አለው። ዘይነብ በሁለት እግሯ ቆማለች፤ ሐጂ ተሳስቷል። ደስታው አንድ ትንፋሽ አልሞላም።

"ሙሉስ?" አልኳት።

"ካፉሪ ናት። ለኔ ገብታ።" ከዚያ ፊቴን አየችው። "ምን ሆነሃል ጋሽ አበራ?"

ምን ብዬ እንደነገርኳት አላውቅም። የማውቀው፣ ዘይነብ ጫማዋን ሳታደርግ ተከትላኝ ረክሻው ውስጥ እንደገባች ነው። መንገዱን ሁሉ አብሽር፣ አይዞህ ትለኛለች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ዘይነብን ሴቶቹ የሚቀመጡበት ጥላ ሥር ትቻት ብቻዬን ገባሁ። ሐጂ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እዚያ አገር በዚያ ዘመን የተቃጠለም ሆነ የተመታ ሰው የፖሊስ ወረቀት ሳይዝ ሐኪም እጅ ለመግባት ፍዳ ነበር፤ ወረቀቱን ኦርኒክ ይሉታል። ሐጂ ከሁሉ ቀድሞ እሱን አውጥቶ ነበር። አመሰገንኩት። ተጎጂዋ ዘይነብ፣ ፈቃድ ያላት ሠራተኛዬ ብሎ አስመዝግቦ ነው ያወጣው። ለእሱ፣ ፈቃድ የሌላትን ሰው አሠርተሃል እንዳይባል ይጠቅመዋል። ለእኛም የሚጠቅመን መሰለን።

ሙሉ አልጋው ላይ በጎኗ ተኝታለች። ቀኝ ክንዷ ከትከሻዋ እስከ ጣቶቿ፣ የአንገቷም አንድ ጎን ተጠቅልሏል። ለብሳ የነበረው የዘይነብን የቤት ቀሚስ ነው፤ ናይሎን። ናይሎን እንደ ጥጥ ነዶ አመድ አይሆንም፤ ይቀልጣል፣ ይጣበቃል። እጅጌውን ከቆዳዋ ለመለየት ምን እንዳደረጉ ነርሷ ልትነግረኝ ጀምራ ተወችው።

"ሙል..." ልል ስል ዓይኗን ገለጠች።

"ስሜን እንዳትጠራ" አለችኝ በአማርኛ። "ዘይነብ ነኝ።"

የሆነውን በተቆራረጠ ድምፅ ነገረችኝ። የጋዙ ቱቦ ከአረፋ በፊት ጀምሮ ይሸት ነበር። ዘይነብ ለእመቤቲቱ ነግራታለች። ሐጂ ከዒድ በኋላ ይቀየራል ብሏል። ሙሉም በአረፋው ዕለት ሽታው አላስቆም ብሏት ተናገረች፤ ከዒድ በኋላ አሏት። በማግስቱ ለእንግዶች ጉበት ልትጠብስ ክብሪት ጫረች። ይኸው ነው። እዚያ ከተማ ያየሁት አደጋ ሁሉ "ከዒድ በኋላ" በሚባል ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቅ ነው።

ክፍሉን የምትጠብቅ ቁመቷ አጭር፣ ቁጣዋ ረጅም የሆነች ሱዳናዊት ነርስ ነበረች። በሁለተኛው ቀን ሳላስበው ሙልዬ ብዬ ውሃ ሳጠጣት ሰማችኝ። ፋሻውን ጠቅልላ ጨረሰች። ከዚያ ኮሪደር ላይ አቆመችኝና ይቺ ልጅ ማን ናት አለችኝ። ቀልድ ፈለግሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ኪሴ ባዶ ሆነ። እውነቱን ነገርኳት። ሳትቆጣ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦

"ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ወረቀት ላይ የተቃጠለው ስሙ ነው። ነገ ካሳ ቢኖር የሚካሰው ስሙ ነው፤ ይቅር ቢባልም ይቅር የሚለው ስሙ ነው። ይቺ ልጅ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የለችበትም።"

ገባኝ፤ ግን አልገባኝም። ስሟን ብናስተካክል ፈቃድ የላትም፣ በቃጠሎዋ ላይ ተጭና ድንበር ትጣላለች ብዬ ፈራሁ። ለሙሉ ነገርኳት፤ እሷም ፈራች። ተወው ወንድም ዓለም፣ እጄ ይዳን እንጂ በማንም ስም ይዳን አለችኝ። ዘይነብ ማታ ማታ ሾርባ ይዛ ትመጣለች፤ በር ላይ ስሟን ሲጠይቋት ሙሉ ነኝ እያለች ትገባለች። የዓለም ነገር እንዲህ ተገለበጠ። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ አንድ ዓመት አስቅ ነበር።

የእጇን ነገር ሐኪሙ አልሸሸገንም። ቁስሉ ሲደርቅ ጣቶቿ ወደ መዳፏ ይሳባሉ፤ ሌላ ቦታ ተወስዳ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ተጨብጠው ይቀራሉ አለን። ወጥ የሚያማስል እጅ፣ ቀኝ እጅ። ሙሉ ስትሰማ አላለቀሰችም። ግራ እጇን አንስታ ጨበጠችው፣ ዘረጋችው፣ እንደገና ጨበጠችው።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ሐጂ ነጭ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። ጆንያ ስኳርና ፍራፍሬ ይዘዋል። የአገሩ ደንብ ነው፤ በደለኛ ሽማግሌ ይዞ ተበዳይ ደጅ ይመጣል፣ ዐፉ ይላል፣ ይቅር በሉኝ። ደንቡ የእኛም ነው። እኛ ሐበሾች ሌላ ሌላውን እንችልበታለን፤ ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት ግን ማንም አላስተማረንም። አንደኛው ሽማግሌ የሙሉን አልጋ እግር ይዞ አለቀሰ፤ እንባው የውሸት አልነበረም። እህቴም ከትራሷ ቀና ብላ ይቅር ብያለሁ፣ የእግዚአብሔር ነው አለች። እኔም እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ሐጂ ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

ተናዙል ይባላል። ይቅር ብያለሁ፣ ከእንግዲህ በዚህ ሰው ላይ ምንም ጥያቄ የለኝም ማለት ነው። ቀኝ አውራ ጣቷ ተጠቅልሏል፤ ግራውም ይበቃል አለ ሐጂ፣ ቀለሙን እያቀረበ። እኔ ቀዶ ጥገናውን አነሳሁ። እሱ ኢንሻአላህ፣ ከዚህ በኋላ አሳክማታለሁ አለ። ነርሷ የመድኃኒት ሳህን ይዛ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ወደ እኔ ሳታይ በቀስታ፣ ከፈረመች በኋላ ቢያሳክማት ምጽዋት ነው፣ ባያሳክማትም ጠያቂ የለውም አለች።

ምላሴ ያን ጊዜ ወደ ቦታው ተመለሰ።

"ያ ሐጅ" አልኩት፣ "እኔ ሙከየፍ ሳልጠግን ሒሳቤን ከተቀበልኩ ጣሪያ ላይ እንደማልታይ አንተ ታውቃለህ። እጇ ሲጠገን ትፈርማለች።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሐጂ አልሳቀም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ማዓሌሽ አለ፣ ግድ የለም። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ሾርባዋን ይዛ ከምትገባው ዘይነብ ጋር ተገጣጠመ። ቆሞ አያት። እሷም ዓይኗን ሰበረች። ሐጂ አንድ ነገር ጠፍቶት ያገኘ ሰው ፊት ነበረው። እኔ ያኔ አልተረጎምኩትም።

በማግስቱ ጠዋት የሙሉን ልብስ ልወስድ ዴም ሄድኩ። ክፍሉ ዝግ ነው። ጎረቤት ያለ የረክሻ ሹፌር፣ ዘይነብን በጠዋት ነጭ መኪና መጥቶ ወሰዳት፣ ጌታዋ ነው መሰለኝ፣ ወደ ቂስም እንሄዳለን ሲላት ሰምቻለሁ አለኝ። ቂስም ፖሊስ ጣቢያ ነው።

የነርሷ ቃል በዚያች ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ገባኝ። ይቅር የሚለው ስሙ ነው። ሐጂ የሙሉን ጣት አያስፈልገውም። ወረቀቱ ላይ የተቃጠለችው ዘይነብ ናት፤ ኢቃማዋ፣ ፎቶዋ፣ ጣቷ ሁሉ አንድ ላይ ያለ ጤነኛ ዘይነብ አለችው። እሷ አንድ ጊዜ ጣቷን ብትጫን፣ የእህቴ እጅ በሕግ አልተቃጠለም።

ድልድዩን እስክሻገር መቶ ዓመት ፈጀብኝ፤ ይህ ግነት አይደለም። ዘይነብን በልቤ ሰደብኳት። ከዚያ አዘንኩላት። ሐጂ እጁን ካነሳ ኢቃማዋ ያልቃል፤ ወሎ ያለች በሽተኛ እናቷን የምታኖረው በዚያ ወረቀት ነው። እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ መልሱን አልወደድኩትም። ስለዚህ ወደ ስድቡ ተመለስኩ።

ጣቢያው ስደርስ አግዳሚ ላይ ከሐጂ ጎን ተቀምጣለች። ሐጂ ውሃ ሰጥቷት ይዛዋለች፣ አልጠጣችውም። ስሟን ጠራሁ፤ ዞር ብላም አላየችኝ። ልናገር ስል አንድ ፖሊስ በክንዱ ወደ ግድግዳው መለሰኝ። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ወጣት መኮንን ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ፦ ዘይነብ የምትባለው በዚህ ሰው ቤት ኩሽና ውስጥ እጇ ተቃጥሎ፣ ይቅር ብላ፣ ምንም ጥያቄ የላትም። ቀና ብሎ አያት።

"ዘይነብ አንቺ ነሽ?"

ተነሳች። "አዎ፣ ዘይነብ ነኝ።"

የሐጂ ትከሻ ዘና ሲል አየሁት። መኮንኑ ይቅር ብለሻል ወይ አላት።

"ምን ሆኜ?" አለች ዘይነብ።

መኮንኑ መልሶ ወረቀቱን አየ፤ እጅሽ ተቃጥሎ ይላል አላት። ያን ጊዜ ዘይነብ የውሃውን ብርጭቆ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ቀኝ እጅጌዋን ያዘች። ከአንጓዋ ሰበሰበችው። ወደ ክርኗ። ከክርኗ በላይ። እስከ ትከሻዋ። ከዚያ ግራውን። አምስት ወይ ስድስት ወንድ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ እኔ ለዓመታት የቀለድኩባትን ክንድ፣ ሁለቱንም፣ እንደ እስረኛ ወደ ላይ ይዛ ቆመች። ይህን ኋላ ሰው ነገረኝ እንጂ፣ እኔ ገና እጅጌዋን ስትይዝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነበር። ቀለሙ የተላጠ ግድግዳ ነበር፤ እያንዳንዱን ልጣጭ አሁንም አውቀዋለሁ።

"ፈልጉት" ስትል ሰማኋት። "ቃጠሎው የታለ? እኔ የምምረው የለኝም። የተቃጠለችው ሆስፒታል ተኝታለች። ሙሉ ትባላለች። የራሷ ስም አላት።"

ሐጂ ሊናገር ጀመረ። መኮንኑ ቆይ ብሎ አስቆመው። ከዚያ የሰማሁት የወረቀት መታጠፍ ድምፅና የዘይነብን ትንፋሽ ነው፤ እጅጌዋን እስክትመልስ ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

መኮንኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ስምሽን ለሌላ ሰው አበድረሻል ብሎ ዘይነብን እዚያው አስቀራት። ሐጂንም አስቀመጠው፤ እሱ ግን ከቀትር በፊት ዋስ ጠርቶ ወጣ። እኔ ተንበርክኬ ስለ እህቴ ለመንኩ፤ ፈቃድ የላትም፣ ቁስለኛ ናት፣ ድንበር አትጣሉብኝ አልኩ። የመለሰልኝን ቃል እስካሁን በጆሮዬ እሰማዋለሁ፦

"ተበዳይ ናት። ክሷ እስኪያልቅ ማንም አያባርራትም። ስሟን መጀመሪያ ብትናገሩ ኖሮ እስካሁን ማን ይነካት ነበር?"

በዚያው ቀን አንድ ፖሊስ ሆስፒታል መጥቶ የሙሉን ቃል በራሷ ስም ጻፈ። ነርሷ የቱቦውን ነገር ማን ሰማ፣ ማን ተናገረ፣ አንድም እንዳይቀር እያለች አልጋው ራስጌ ቆማ ጠበቀች። ሐጂ ክሱ ሕያው መሆኑን ሲያይ ቀዶ ጥገናውን አስደረገ፤ በልመና ሳይሆን በግዴታ። ዘግይቶ ነበር። ከአምስቱ ጣቶች ሦስቱ ተዘረጉ፤ ሁለቱ እንደተጨበጡ ቀሩ። ሙሉ ዛሬም በሦስት ጣቷ ወጥ ታማስላለች፤ ማንኪያው አንዳንዴ ያመልጣታል። ሲያመልጣት ማንም እንዲያነሳላት አትፈቅድም።

ዘይነብ ግን አልወጣችም። ሐጂ የዋስትና እጁን አነሳ፤ ኢቃማው ወደቀ። ልንጠይቃት ሄደን አንድ ጊዜ በፍርግርግ አየናት። ሙሉ የተጠቀለለ እጇን በብረቱ ልታሾልክ ስትል፣ ያቺ ልጅ በጣቷ ጫፍ ፋሻውን ብቻ ነካ አደረገችው። ሐጂ ሲወስድሽ ለምን ቤት ሳለሽ እምቢ አላልሽም አልኳት። ጋሽ አበራ፣ እዚያው እምቢ ብለው ሌላ ዘይነብ ያመጣ ነበር፣ ካርቱም የዘይነብ እጥረት አለባት እንዴ አለችኝ። ከዚያ በኋላ በጭነት መኪና ወደ መተማ ድንበር ላኳት፤ በለበሰችው ልብስ ብቻ። የዒዱ አዲስ ቀሚሷ ክፍሉ ውስጥ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነበር። እናቷ እሷ እስክትደርስ በሕይወት አልጠበቀቻትም።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት እንድታዝኑ ብቻ አይደለም። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ገለባ ቀያሪ ነኝ። ግን ከዚያ ሳምንት በኋላ ዴም ውስጥ ሰው ከጣሪያ ሲወድቅ፣ መኪና ሲገጨው፣ ዘይት ሲፈስበት ከቄሱም ከሼኹም በፊት እኔን መጥራት ጀመሩ። ድሮ ለሠርግ ነበር የምጠራው። ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው ያማል ወይ ብዬ አይደለም፤ ማመሙማ ያማል። ስምህን ማን አስመዘገበ እላለሁ። በገዛ አፍህ ካልሆነ አስተካክለው እላለሁ። የለበስከውን የተቃጠለ ልብስ አታስጥል፤ አደጋውን ያየውን ሰው ሳይሄድ ስሙን ያዝ፤ ያላነበብከው ወረቀት ላይ የሚያለቅስ ሽማግሌ ቢያቀርብልህም ጣትህን አታሳርፍ። ይቅርታን አልከለክልም። ልባችሁ ዛሬውኑ ይቅር ይበል፣ ይበል። ጣታችሁ ግን ሐኪሙ ሥራውን እስኪጨርስ ይታገሥ። እና ፈቃድ የለኝም ብላችሁ ስማችሁን አትደብቁ። እኛን ያስፈራን ስም ነበር እህቴን ያስጠለላት።

ይህን ስል ሰዎች ቀልድ እስኪከተል ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ይከተላል። የክርኑን ቀልድ ግን ዳግም ከአፌ አላወጣሁትም።

ያወጣችው ራሷ ናት። ከዓመታት በኋላ በአረፋ ቀን ከኮምቦልቻ ደወለች፤ ድምፅዋ ወፍሯል፣ ሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ትኖራለች። ከሙሉ ጋር ብዙ ተላቅሰው ስልኩ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሽ አበራ" አለችኝ፣ "ክርን እንዳለኝ ለዴም ሰዎች ነገርካቸው ወይ?"

"አላየሁም ዘይነቤ" አልኳት። "ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች። "እዚያ ክፍል ውስጥ ያላየኝ አንተ ብቻ ነበርክ።" ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ያ የድሮው። "እንግዲያ ለምስክርነት አትሆንም።"